ሥር ለሰደደ የደም ካንሰር የሚሰጥ የጨረር ሕክምና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታማሚዎችና አስታማሚዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነሥተው ወደ ውስብስቡ ይሄዳሉ።

ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ምን ዓይነት በሽታ ነው?

የደም ካንሰር ወይም ሉኪሚያ የሚነሣው ደም ከሚመረትበት ከአጥንት መቅኒ ነው። አንድ ነጭ የደም ሕዋስ ልጓሙን በጥሶ ያለ ልክ ይራባል፤ ጤነኞቹን ሕዋሳት ቦታ ያሳጣቸውና ወደ ደም ይገባል፤ በጣፊያ፣ በጉበትና በሊምፍ ዕጢዎችም ይከማቻል። በሳምንታት ውስጥ የሚገሰግሰው አጣዳፊ ይባላል፤ በወራትና በዓመታት የሚያዘግመው ደግሞ ሥር የሰደደ።

ሥር የሰደደው በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ሊምፎሳይት የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚይዘው ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ይታያል። ሁለተኛው ማይሎይድ ሉኪሚያ ነው፤ መነሻው በክሮሞዞም 9 እና በክሮሞዞም 22 መካከል የሚደረግ የቁራጭ ልውውጥ መሆኑ በውል ይታወቃል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ለሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ስላለ፣ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከሐኪምዎ ሳያረጋግጡ አንዱን ለሌላው አይውሰዱ።

የጨረር ሕክምና የዚህ በሽታ ዋና ሕክምና ነው?

አይደለም። ጨረር የሚሠራው በተነጣጠረበት ቦታ ነው፤ ይህ በሽታ ደግሞ አንድ አድራሻ የለውም፤ ደም በደረሰበት ሁሉ ይደርሳል። አንድ ቦታ ላይ ያለን የጡት ወይም የማሕፀን በር ካንሰር በጨረር ማጥቃት እንደሚቻለው፣ ሉኪሚያን በጨረር ላጥፋ የሚል ሐኪም መላ ሰውነትን መምታት ይኖርበታል። ያም የሚደረግበት ሁኔታ አለ፤ ግን ጠባብ ነው፤ ከታች ይመጣል።

ዋናው ሕክምና መድኃኒት ነው። ለማይሎይዱ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ እና ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመሳሳይ ኪኒኖች የበሽታውን ታሪክ ለውጠውታል፤ በሽታው ለኪኒኑ በደንብ የተገዛለት ሰው ዕድሜው ከጤነኛ እኩዮቹ ብዙም አያንስም። ለሊምፎሳይቲኩም እንደ ኢብሩቲኒብና ቬኔቶክላክስ ያሉ ዒላማቸውን ለይተው የሚመቱ መድኃኒቶች አሉ። እንዲያውም ከሊምፎሳይቲክ ታማሚዎች ሲሶ የሚሆኑት በክትትል ብቻ ይኖራሉ፤ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ስለዚህ «ጨረር አላዘዙልኝም፤ ችላ ብለውኝ ይሆን?» ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ብዙው ታማሚ ጨረር ክፍልን ሳያይ ይታከማል።

ታዲያ ለምን ታዘዘልኝ?

አንድ የተለየ ቦታ ስላስቸገረ ነው። ከልክ በላይ ያበጠ ጣፊያ፣ የሚያምና መድኃኒት ያልመለሰው የአንገት ወይም የብብት ንፍፊት፣ የምግብ ቧንቧን፣ የአየር መተላለፊያን ወይም የሽንት ቧንቧን የተጫነ ዕጢ፣ የካንሰሩ ሕዋሳት ተሰብስበው የሠሩት እባጭ፣ አጥንትን የሚበላ ሕመም፣ ወይም ሕዋሳቱ ወደ አንጎልና ወደ ነርቭ ሰርገው መግባታቸው ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የተለየው ደግሞ ለመቅኒ ንቅለ ተከላ ዝግጅት ተብሎ ለመላ ሰውነት የሚሰጠው ነው።

ስለዚህ ከሐኪም ጋር ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ቀን ነው?» መሆን የለበትም። «ይህ ጨረር ለእኔ ምን እንዲያደርግልኝ ነው የታሰበው?» ይበሉ። ሕመም ለማስታገሥ፣ የታፈነ ቱቦ ለመክፈት ወይም ለንቅለ ተከላ ለማዘጋጀት መሆኑ ሲታወቅ መጠኑም፣ ቀኑም፣ የሚጠበቀው ውጤትም ከዚያ ይከተላል። መልሱ ግልጽ ካልሆነልዎት ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት ደግመው ይጠይቁ።

ሕክምናው ያማል? ቀኑስ እንዴት ያልፋል?

ጨረሩ ሲገባ ምንም ስሜት የለውም፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያቃጥልም። ከመጀመሪያው ሕክምና በፊት በሲቲ ስካን የሚታገዝ የዝግጅት ቀጠሮ አለ፤ በዚያ ቀን የሚታከመው ቦታ ይለካል፣ ቆዳ ላይም ትንንሽ ምልክቶች ይደረጋሉ። ምልክቶቹን አጥበው አያጥፏቸው። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ጠረጴዛው ላይ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ነው። ከመግባት እስከ መውጣት ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት እምብዛም አያልፍም፤ ማሽኑ ጨረር የሚረጭባቸው ግን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው።

የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ካለዎት፣ እርግዝና ከተጠረጠረ፣ ወይም ከዚህ በፊት በየትኛውም የሰውነት ክፍል ላይ ጨረር ወስደው ከሆነ በዝግጅቱ ቀን ሳይጠየቁም ይናገሩ።

ወደ ቤት ስመለስ ልጆቼን ማቀፍ እችላለሁ?

ይችላሉ። ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ ያበቃል፤ በሰውነትዎ፣ በልብስዎ፣ በላብዎም ሆነ በሽንትዎ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። አንድ ሳህን ላይ መብላት፣ ሕፃን ማቀፍ፣ ከትዳር ጓደኛ ጋር መተኛት አይከለከልም። ይህ ፍርሃት የሚመጣው የሬዲዮአክቲቭ መድኃኒት በሚጠጣበት ወይም በደም ሥር በሚሰጥበት ሌላ ዓይነት ሕክምና ላይ ከሚነገረው ማስጠንቀቂያ ነው። ስንቱ አያት በዚህ አጉል ፍርሃት ከልጅ ልጁ ተለይቶ ሰንብቷል።

ጥንቃቄው እንዲያውም በተገላቢጦሽ ነው። የእርስዎ የመከላከል አቅም የደከመ ስለሆነ ጉንፋን ወይም ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ነው ለእርስዎ የሚያሰጋው።

ፀጉሬ ይረግፋል?

ጨረር ፀጉርን የሚያረግፈው በታከመበት ቦታ ነው። ጣፊያው ላይ የታከመ ሰው የራስ ፀጉሩ አይነካም። ጭንቅላት ከታከመ ወይም መላ ሰውነት ጨረር ከተሰጠው ግን ይረግፋል፤ ብዙውን ጊዜም ተመልሶ ያድጋል።

ጣፊያ ላይ የሚሰጠው ጨረር እንዴት ይሠራል?

ጣፊያ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ተሸሽጎ የሚገኝ፣ በጤነኛ ሰው ላይ በእጅ የማይዳሰስ አካል ነው። ሉኪሚያ ሲሞላው ግን እያደገ እምብርትን ሊያልፍ፣ አንዳንዴም እስከ ዳሌ ሊወርድ ይችላል። ጨጓራን ስለሚጫን ሁለት ጉርሻ ያጠግባል፤ ጎን ይወጋል፤ ሕመሙ ወደ ግራ ትከሻ የሚወጣበትም ጊዜ አለ። ይባስ ብሎ ያበጠ ጣፊያ ቀይ የደም ሕዋሳትንና ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕላትሌቶች እያጠመደ ስለሚያስቀር የደም ማነስና የመድማት ችግር ያስከትላል።

የጨረር ሐኪሞች እዚህ ላይ የሚጠቀሙበት መጠን እንግዳ ነው። የጨረር መለኪያው ግሬይ ይባላል፤ ለጡት ካንሰር በተለምዶ ከ40 እስከ 50 ግሬይ ይሰጣል። ለጣፊያ ግን በአንድ ቀጠሮ ከሩብ ግሬይ እስከ አንድ ግሬይ ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይሰጥና ጠቅላላው ብዙውን ጊዜ ከ10 ግሬይ በታች ይቆማል። ይህን ያህል ጥቂት የሚበቃው የሉኪሚያ ሊምፎሳይቶች ለጨረር እጅግ ስስ ስለሆኑ ነው። አብዛኞቹ የካንሰር ሕዋሳት ጨረር ዘረ መላቸውን ቢሰብረውም የሚሞቱት ለመከፋፈል ሲሞክሩ ነው፤ ሊምፎሳይት ግን እስከዚያ አይቆይም፤ በሰዓታት ውስጥ ራሱን ያጠፋል። ጣፊያ ውስጥ ደም ያለማቋረጥ ስለሚዘዋወርም፣ ጣፊያው ብቻ ታክሞ በደም ውስጥ ያለው የነጭ ሕዋስ ቁጥር አብሮ ሲወርድ፣ አልፎ አልፎም ሩቅ ያለ ንፍፊት ሲሟሽሽ ይታያል።

አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። ነጭ ሕዋሳት ብቻ ሳይሆኑ ፕላትሌቶችም በፍጥነት ሊያሽቆለቁሉ ስለሚችሉ፣ በሕክምናው ወቅት ደም እየተመረመረ «ዛሬ እንቀጥል ወይስ እናቁም?» የሚለው በውጤቱ ይወሰናል። መርሐ ግብሩ ሰባት ቀጠሮ ይል ነበር፤ በአራተኛው ቆመ ማለት ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም። ጥሩ ሐኪም እዚህ ላይ የሚታወቀው በማቆሙ ነው። ጣፊያው ሲቀንስ የሚታከመው ስፍራም ስለሚጠብ ልኬቱ በመሐል ሊከለስ ይችላል፤ አጠገቡ ያሉት የግራ ኩላሊትና ጨጓራ ከአላስፈላጊ ጨረር የሚድኑትም በዚህ ነው።

እፎይታው ብዙዎች ዘንድ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ይመጣል፤ ለወራት ይቆያል፤ ለዘለዓለም ግን አይደለም። ሲመለስ ደግሞ መስጠት ይቻላል። ጣፊያን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ሌላው አማራጭ ነው፤ ሰውነቱ ቀዶ ሕክምናን ለማይችል ሰው ግን ጨረሩ ይመረጣል።

ለንፍፊት ሁለት ቀን ብቻ ይበቃል ተባልኩ፤ ይህ ያንሳል አይደለም?

አያንስም። ለሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ንፍፊቶች በስፋት የሚሠራበት መጠን 4 ግሬይ ነው፤ 2 ግሬይ ዛሬ፣ 2 ግሬይ ደግሞ በሌላ ቀን። በዝግታ በሚያድጉ የሊምፍ ካንሰሮች ላይ ይህ ትንሽ መጠን ከ10 ታማሚዎች በ8ቱ ገደማ ዕጢውን በግልጽ ያሳንሳል። ሳይበቃ ከቀረ ወደ 24 ግሬይ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከፍተኛው መጠን ዕጢውን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፣ ጉዳቱም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ሕመም ለማስታገሥ ለመጣ የሰማንያ ዓመት ሰው ሁለት ቀን በቂ ሆኖ ሳለ ሁለት ሳምንት ማመላለስ ደግነት አይደለም።

ጉዳቱ ምን ምን ነው?

የሚታከመው ቦታ ይወስነዋል። ድካም የሁሉም ነው፤ እንቅልፍ የማይፈታው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለሳምንታት ሊዘልቅ ይችላል። ጣፊያና ሆድ ሲታከሙ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ከቀጠሮው በፊት የሚወሰድ መድኃኒት ስላለ በዝምታ አይሠቃዩ። አንገት ሲታከም አፍ ሊደርቅ፣ ጉሮሮም ሊቆስል ይችላል፤ በ4 ግሬይ ግን ይህ ቀላል ነው፤ ብዙዎች ጭራሽ አይሰማቸውም። በእነዚህ ዝቅተኛ መጠኖች የቆዳ መቃጠልም አይጠበቅም።

ትልቁን ቦታ የሚይዘው የደም ቁጥር መውረድ ነው፤ በሽታው ራሱ መቅኒውን አዳክሞታልና። የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ድድ ወይም አፍንጫ ከደማና አልቆም ካለ፣ ቆዳ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ከወጡ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይሂዱ። ትኩሳቱን በፓራሲታሞል አብርዶ እስኪነጋ መጠበቅ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ነጭ የደም ሕዋሱ በወረደበት ሰው ላይ ግን ያቺ ሌሊት ሕይወት ልታሳጣ ትችላለች።

የምወስደውን ኪኒን ላቁም ወይስ ልቀጥል?

በራስዎ ውሳኔ ሁለቱንም አያድርጉ። አንዳንድ መድኃኒቶች ከጨረር ጋር ሲገናኙ ጉዳቱን ያባብሳሉ፤ ለምሳሌ ሃይድሮክሲዩሪያ ሕዋሳትን ለጨረር ይበልጥ ስስ ያደርጋቸዋል፤ መቅኒውንም ከጨረሩ ጋር አብሮ ይጫነዋል። በሌላ በኩል በማይሎይድ ሉኪሚያ ኢማቲኒብን ወይም መሰሎቹን በዘፈቀደ ማቋረጥ በሽታው እንዲያገረሽ በር ይከፍታል። የትኛው ለስንት ቀን እንደሚቆም የሚወስኑት የደም ሐኪሙና የጨረር ሐኪሙ ተነጋግረው ነው። ሁለቱ በተለያየ ሕንፃ ውስጥ ከሆኑ እንደተነጋገሩ በእርግጠኝነት አይውሰዱ፤ የመድኃኒት ዝርዝርዎን በወረቀት ጽፈው ለሁለቱም ያሳዩ፤ የባህል መድኃኒትና ቫይታሚንም ካለ ይጨምሩበት።

ለመላ ሰውነት የሚሰጠው ጨረር ምንድን ነው? አደገኛ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከላይ የተነገረው «ትንሽ መጠን» እዚህ አይሠራም። አንድ ንፍፊት ላይ ሲያርፍ እምብዛም የማይሰማው 4 ግሬይ፣ መላ ሰውነት ላይ በአንድ ጊዜ ቢያርፍና ሰውየው ሕክምና ባያገኝ ለሞት ሊያበቃው ይችላል። ለንቅለ ተከላ የሚሰጠው ሙሉ መጠን ደግሞ 12 ግሬይ ገደማ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ እየተከፋፈለ በሦስት ቀን ወይም ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይሰጣል፤ ሳንባም በከፊል ይከለላል። ዓላማው የታመመውን መቅኒ ማጽዳትና የታማሚው የመከላከል ኃይል የለጋሹን ሕዋሳት እንዳይመልስ ማድረግ ነው። ሰውየው የሚተርፈው ወዲያው የለጋሽ መቅኒ ስለሚሰጠው ነው። የዚህ መንገድ ቀዳሚ አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ በመቅኒ ንቅለ ተከላ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ለዕድሜ ባለጠጎችና ሰውነታቸው ለደከመ ሰዎች 2 ግሬይ ብቻ በአንድ ቀን የሚሰጥበት ለስለስ ያለ መንገድም አለ። በዚህኛው ጨረሩ መቅኒውን አይጠርገውም፤ ለለጋሹ ሕዋሳት ቦታ ብቻ ያመቻቻል፤ ካንሰሩን የሚዋጉት እነዚያው የለጋሹ ሕዋሳት ናቸው።

ሙሉው መጠን የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነው፦ ማስታወክ፣ የአፍ ቁስል፣ ለሳምንታት የሚዘልቅ ለኢንፌክሽን መጋለጥ፤ ከዓመታት በኋላም የዐይን ሞራ፣ የታይሮይድ ዕጢ መዳከም፣ የሳንባ ጉዳት፣ ሌላ ካንሰር። ብዙዎችንም መካን ያደርጋል፤ ልጅ የመውለድ ሐሳብ ያለው ሰው የወንድ ዘር ወይም እንቁላል ማስቀመጥን ከሕክምናው በፊት ማንሣት አለበት፤ ከተጀመረ በኋላ ያለፈ ነገር ነው። አዲሶቹ ኪኒኖች ከመጡ ወዲህ ሥር በሰደደ ሉኪሚያ እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ማይሎይዱ ወደ አጣዳፊነት ሲለወጥ ወይም መድኃኒቶች ሁሉ ሲከሽፉ ነው የሚታሰበው።

ድሮ ዋናው ሕክምና ጨረር ነበር ይባላል። ለምን ተተወ?

እውነት ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ የአሜሪካ ሐኪሞች የሉኪሚያ ታማሚዎችን ጣፊያ በጨረር ማከም ጀመሩ። ውጤቱ ያስደንቅ ነበር፤ የነጭ ሕዋስ ቁጥር ይወርዳል፣ ሆድ ይጎድላል፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ ሐኪሙ ጆን ሎረንስ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ፣ ሬዲዮአክቲቭ ፎስፈረስን ለሉኪሚያ ታማሚ ሰጠ፤ ሰው ሠራሽ ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገርን እንደ መድኃኒት ወደ ሰውነት ውስጥ የማስገባት ሕክምና ከዚህ ይጀምራል።

ችግሩ በሽታው መመለሱ ነበር። ጣፊያው ሲሟሽሽ መቅኒው ሥራውን ይቀጥላል። በ1950ዎቹ ቡሱልፋን የተባለ ኪኒን መጣ፤ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ሁለቱን አወዳድሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ውጤት፣ በማይሎይድ ሉኪሚያ ቡሱልፋን የወሰዱት ጨረር ከተሰጣቸው በላይ እንደኖሩ ታየ። ነገሩ በዚያ አበቃ። ቡሱልፋንም በተራው በተሻሉት ተተካ። አሮጌ የሕክምና መጻሕፍትን አገላብጠው «ጨረር ይሻላል» የሚሉ ሰዎች የሚስቱት ይህን ታሪክ ነው።

ሉኪሚያን የሚያመጣው ጨረር ነው እያሉ በጨረር ማከም እንዴት ይሆናል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። በሂሮሺማና በናጋሳኪ ከቦምቡ በተረፉ ሰዎች ላይ ሉኪሚያ መጨመሩ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ መታየት ጀምሯል፤ ማይሎይዱም ከጨመሩት አንዱ ነበር። ሊምፎሳይቲኩ ሥር የሰደደ ሉኪሚያ ግን እዚያ ጎልቶ ስላልታየ ለረጅም ዘመን ከጨረር ጋር ግንኙነት እንደሌለው ይነገር ነበር፤ ከቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ቦታውን ባጸዱ ሠራተኞች ላይ የተደረጉ ኋላ የመጡ ጥናቶች ይህን አቋም አናግተውታል።

ስለዚህ ጨረር ካንሰርን የመፍጠር አቅም አለው፤ ሐኪሞችም ያውቁታል። ሚዛኑ የሚሠራው ግን በሚታከመው ሰው ላይ ነው። በ75 ዓመቱ ምግብ አልወርድ ያለውን ሰው ጉሮሮ ለመክፈት የሚሰጥ 4 ግሬይ፣ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ሊያመጣ የሚችለው አደጋ ከዛሬው ጥቅም ጋር አይወዳደርም። በ25 ዓመት ወጣት መላ ሰውነት ላይ የሚሰጥ 12 ግሬይ ሌላ ሚዛን ነው፤ ምንም አማራጭ ሲጠፋ ብቻ የሚሞከረውም ለዚህ ነው።

አንዱ ንፍፊቴ በድንገት አደገ። ጨረር ተሰጥቶኝ ቶሎ አይገላግለኝም?

መጀመሪያ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ካለባቸው 100 ሰዎች ውስጥ ከ2 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ በሽታው በጊዜ ሂደት ወደ ፈጣን የሊምፍ ካንሰር ይለወጣል፤ ሐኪሞች የሪክተር ለውጥ ይሉታል። ምልክቱ አንድ ዕጢ ከሌሎቹ ተለይቶ በሳምንታት ውስጥ መፋፋቱ፣ ያለ ምክንያት ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ነው። ሕክምናው ፍጹም የተለየ ስለሆነ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት።

ናሙና ሳይወሰድ ጨረር ቢቀድም ዕጢው ለጊዜው ይሟሽሽና ማስረጃው አብሮ ይጠፋል፤ በሽታው ግን ሌላ ቦታ ይቀጥላል። ቸኩሎ ጨረር የሚሰጠው መተንፈሻን ወይም የአከርካሪ ነርቭን የተጫነ ዕጢ ሲያጋጥም ነው፤ ያኔም ቢሆን ከተቻለ ናሙናው ይቀድማል።

«ጨረር የተሰጠው ደም ብቻ ይወሰድ» ተብሎ ካርዴ ላይ ተጽፏል። ይህ ምን ማለት ነው?

ይህ ከእርስዎ የጨረር ሕክምና ጋር ግንኙነት የለውም። ጨረር የሚሰጠው ለደሙ ከረጢት ነው፤ መጠኑም ቢያንስ 25 ግሬይ ነው። በተለገሰ ደም ውስጥ ጥቂት የለጋሹ ሊምፎሳይቶች ይቀራሉ፤ ጤነኛ ሰው ያጠፋቸዋል። መከላከያው እጅግ ለደከመ ሰው ግን እነዚያ እንግዶች ሥር ይሰዱና የራሱን አካል ያጠቃሉ፤ ይህ ከተከሰተ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ጨረሩ ሊምፎሳይቶቹ እንዳይራቡ ያደርጋቸዋል፤ ቀይ ሕዋሳቱና ፕላትሌቶቹ ግን ሥራቸውን ይሠራሉ። ደሙ ራሱ ጨረር አመንጪ አይሆንም። ነጭ ሕዋሳትን በማጣሪያ መቀነስም ይህን አይተካም።

ፍሉዳራቢን፣ ክላድሪቢን ወይም ቤንዳሙስቲን የወሰዱ ታማሚዎች፣ እንዲሁም ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው፣ ይህ ማሳሰቢያ የሚጻፍላቸው ናቸው፤ ለብዙዎቹ መድኃኒቱ ካለቀ ከዓመታት በኋላም ይጸናል። የእግር ስብራት ወይም የጨጓራ መድማት ይዞዎት ወደማያውቁት ሆስፒታል ቢገቡ የሚቀበልዎት ሐኪም ከዓመታት በፊት የወሰዱትን መድኃኒት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ካርዱን ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ፤ ቤት ውስጥም አንድ ሰው ቅጂውን ይያዝልዎት።